ከፊል ጾም፦ የተተወው ድርሻ የማን ነው?

በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር የቀረበ፤ ለንባብ እንዲመች በጥቂቱ ተስተካክሎ የተጻፈ



የዛሬው ንግግሬ ስለ ከፊል ጾም ነው። ከፊል ጾም ስል፣ ሰው ከመብልና ከመጠጥ ፈጽሞ ሳይለይ ከምግቡ ዓይነት፣ ከመብያው ሰዓት ወይም ከመጠኑ አንዱን ለእግዚአብሔር ብሎ የሚተውበትን ሥርዓት ማለቴ ነው። ጉዳዩ ለብዙዎቻችን የዕለት ተዕለት ኑሮ ስለሆነ የሚመረመር ነገር ያለው ላይመስል ይችላል። ይሁን እንጂ ተማሪዎቼ በየዓመቱ ሁለት ጥያቄዎች ያቀርቡልኛል፤ ሁለቱም በቀላሉ የሚታለፉ አይደሉም።

የመጀመሪያው ጥያቄ ከቅንዓት የሚነሣ ነው፦ ሰው እየበላ እንዴት ጾመ ይባላል? ሙሴና ኤልያስ አርባ ቀን እህል ሳይቀምሱ ከቆዩ፣ ጌታችንም በገዳመ ቆሮንቶስ እንዲሁ ካደረገ፣ ምሳውን በሽሮ የሚበላ ሰው ከእነርሱ ጋር በአንድ ስም መጠራቱ ተገቢ ነውን? ሁለተኛው ከነጻነት የሚነሣ ነው፦ እግዚአብሔር ፍጥረቱን ሁሉ መልካም ብሎ ከፈጠረ ከወተት ይልቅ ተልባን የሚመርጥበት ምን ምክንያት አለ? የመጀመሪያው ጠያቂ ከፊል ጾም አነሰብኝ ይላል፤ ሁለተኛው በዛብኝ ይላል።

እኔ የምሟገተው ለሚከተለው አሳብ ነው። ከፊል ጾም የሙሉ ጾም ጉድለት አይደለም፤ የራሱ ዓላማና የራሱ አሠራር ያለው መንፈሳዊ ተግባር ነው። እውነተኛነቱ የሚፈተነውም በገበታው ላይ በቀረው ነገር ብቻ ሳይሆን፣ ከገበታው የተነሣው ድርሻ ወዴት እንደሄደ በመጠየቅ ነው። የራሳችን ቋንቋ ወደዚህ ይመራናል። «ከፊል» የሚለው ቃል «ከፈለ» ከሚለው ግስ የወጣ ነው። «ከፈለ» ደግሞ በአንድ በኩል ለያየ፣ ቆረሰ ማለት ሲሆን፣ በሌላ በኩል ዋጋ ሰጠ፣ ዕዳ ተወጣ ማለት ነው፤ «አካፈለ»ም ከዚያው ይወጣል። ስለዚህ ስለ ከፊል ጾም ስንናገር ምን እንደተከፈለ ብቻ ሳይሆን ለማን እንደተከፈለም መጠየቅ ይገባናል።

፩. ከዳንኤል ገበታ

ስለ ከፊል ጾም የሚነገር ሁሉ ወደ ነቢዩ ዳንኤል መሄዱ አይቀርም። ነገር ግን ሁለት የተለያዩ ታሪኮች በአንድ ስም ሲጠቀለሉ እንሰማለንና ለይተን እንያቸው።

በመጽሐፉ ምዕራፍ 1 ዳንኤልና ሦስቱ ባልንጀሮቹ ወደ ባቢሎን የተማረኩ ወጣቶች ናቸው። ንጉሡ ከራሱ ማዕድ መብልና ጠጅ እንዲሰጣቸው ያዝዛል። ዳንኤል በዚህ እንዳይረክስ በልቡ አስቦ ለአሥር ቀን አትክልትና ውኃ ብቻ እንዲሰጣቸው ይለምናል። በዕብራይስጡ የተጻፈው ቃል «የተዘራ ነገር» የሚል ፍቺ ስላለው፣ ቅጠላ ቅጠልን ብቻ ሳይሆን ጥራጥሬንም የሚያካትት ነው። እዚህ ላይ ልብ የሚባለው ነገር ምዕራፉ ድርጊቱን ጾም ብሎ አለመጥራቱ ነው። ጉዳዩ የማንነት ጉዳይ ነው። ስማቸው ተለውጧል፤ የባዕድ አገር ቋንቋና ትምህርት ተሰጥቷቸዋል፤ የሚኖሩት በንጉሡ ቤት ነው። በእጃቸው የቀረው አንድ ነገር ከቀረበላቸው ገበታ ምን እንደሚያነሡና ምን እንደሚተዉ መምረጥ ነበር።

በምዕራፍ 10 ያለው ታሪክ ሌላ ነው። አሁን ዳንኤል ሸምግሏል፤ ዘመኑም የፋርስ ንጉሥ የቂሮስ ሦስተኛ ዓመት ነው። ሦስት ሳምንት ሙሉ ሲያዝን፣ ማለፊያ እንጀራ አልበላም፤ ሥጋና ወይን ወደ አፉ አልገባም፤ ዘይትም አልተቀባም። እዚህም «ጾመ» የሚለው ግስ አልተጻፈም። ነገር ግን መልአኩ ሲናገረው፣ በእግዚአብሔር ፊት ራሱን ያዋረደበትን የመጀመሪያ ቀን ያስታውሰዋል። ይህ «ራስን ማዋረድ» የሚለው አነጋገር፣ በዕብራይስጡ ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 16 ስለ ማስተሥረያ ቀን ሲያዝዝ ከተጠቀመበት ግስ ጋር አንድ ሥር ያለው ነው። የማስተሥረያው ቀን በእስራኤል ዘንድ የጾም ቀን መሆኑ የታወቀ ነው። እንግዲህ የዳንኤል መጽሐፍ ለሦስት ሳምንት ማለፊያ መብልን መተውን፣ እህል ፈጽሞ ባይቋረጥም፣ ከዚሁ የትሕትና መዝገብ ውስጥ አስገብቶታል ማለት ነው።

ከሁለቱ ታሪኮች ሁለት ነገር እናገኛለን። አንደኛው፣ ከፊል ጾም በሥራ ላይ ያለ ሰው ጾም መሆኑ ነው። ዳንኤል ከቤተ መንግሥት አገልግሎት አልተለየም፤ ትምህርቱን አላቋረጠም። ሁለተኛው፣ ራስ ጌታ ባልሆኑበት ገበታ ላይ የሚደረግ መሆኑ ነው። ዛሬ በዓረብ አገር በሰው ቤት የምትሠራ እኅታችን በዓርብ ዕለት ከቀረበላት ሩዝ ሥጋውን ወደ ጎን ስታደርግ፣ ማንም ባያስተውላትም የምታደርገው የዳንኤልን ምርጫ ነው። ሙሉ ጾም የሚጾም ሰው ከገበታው ይነሣል፤ ከፊል ጾም የሚጾም ሰው ግን ከገበታው ሳይነሣ ነው የሚጾመው።

፪. የጥንቷ ቤተ ክርስቲያን ክርክሮች

ክርስቲያኖች ረቡዕንና ዓርብን እንዲጾሙ የሚያዝዘውን ቃል «ዲዳኬ» በተባለው እጅግ ጥንታዊ የሥርዓት መጽሐፍ ምዕራፍ 8 ላይ እናነባለን። በነዚህ ቀናት የተለመደው ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነበር። በአውሮፓ ለሚማር ተማሪ ይህን «ዘጠነኛ ሰዓት» ለመረዳት ስሌት ያስፈልገዋል። ለእኛ ግን አያስፈልግም፤ የወንጌሉ ሰዓትና የግድግዳችን ሰዓት አንድ ነው። ጌታችን በመስቀል ላይ በታላቅ ድምፅ የጮኸበት ዘጠኝ ሰዓት ቤተ ክርስቲያን ከቅዳሴ ወጥታ የምትገድፍበት ዘጠኝ ሰዓት ነው።

በምግብ ዓይነት ላይ ግን ክርክር ነበር። በ2ኛው መቶ ዓመት መጨረሻና በ3ኛው መጀመሪያ በካርታጎ የነበረው ተርቱሊያኖስ፣ ወደ ሞንታኒያውያን ካዘነበለ በኋላ ስለ ጾም በጻፈው መጽሐፍ «ደረቅ ምግብ»ን፣ ማለትም ሥጋና መረቅ፣ ጭማቂ ፍሬና ወይን የሌለበትን አመጋገብ፣ የዳንኤልን ምሳሌ ጠቅሶ ይከላከልለታል። ተቃዋሚዎቹ ድርጊቱን አዲስ ፈጠራ ብለውት ነበር። ታሪክ ግን ወደ ሌላ አቅጣጫ ሄደ፤ በ4ኛው መቶ ዓመት የሎዶቅያ ጉባኤ በ50ኛው ቀኖናው ዐቢይ ጾም በሙሉ በደረቅ ምግብ እንዲጾም ደነገገ። በአንድ ዘመን የጥቂቶች ጽናት የነበረው፣ በሌላው ዘመን የሁሉም ሥርዓት ሆነ።

ሥርዓቱ በየቦታው አንድ ዓይነት አልነበረም። የታሪክ ጸሐፊው ሶቅራጥስ በ5ኛው መቶ ዓመት በጻፈው የቤተ ክርስቲያን ታሪክ፣ አንዳንዶች ሕይወት ካለው ሁሉ እንደሚከለከሉ፣ አንዳንዶች ዓሣ ብቻ እንደሚበሉ፣ ሌሎች በኦሪት ዘፍጥረት አዕዋፍም ከውኃ ተፈጥረዋል ብለው ወፍ እንደሚጨምሩ፣ ሌሎች ደግሞ ደረቅ ዳቦ ብቻ እንደሚቀምሱ ይዘረዝራል። ሐዋርያት ስለዚህ በጽሑፍ ያስተላለፉት ትእዛዝ ስላልተገኘ ለየሰው ፈቃድ የተተወ ነው የሚል አስተያየትም ይሰጣል። በእኛም አገር ዓሣ በጾም ይበላል ወይስ አይበላም የሚለው ጥያቄ እስከ ዛሬ ማከራከሩን ሳስብ፣ ሶቅራጥስ ዛሬ ቢነሣ ብዙም አይገረምም ነበር እላለሁ።

በዚህ ሁሉ ልዩነት መካከል ሁለት ድንበሮች ግን ጸንተው ቆይተዋል። የመጀመሪያው ድንበር፣ የተተወው ምግብ ክፉ አይደለም የሚል ነው። በሐዋርያት ስም የተሰበሰቡት ቀኖናዎች፣ በተለይም 51ኛው፣ ከሥጋና ከወይን ለተጋድሎ ሳይሆን ተጸይፎ የሚከለከለውን ያወግዛሉ፤ ሁሉ እጅግ መልካም ሆኖ መፈጠሩን ረስቷልና። እንግዲህ ለሁለተኛው ጠያቂዬ የምሰጠው የመጀመሪያ መልስ ይህ ነው፦ ወተት የሚተወው ክፉ ስለሆነ አይደለም፤ መልካም ስለሆነ ነው። ክፉን መተው ጾም አይባልም፤ ክፉማ ሁልጊዜም የሚተው ነው።

ሁለተኛው ድንበር የዛሬው ርእሴ ዋና ነጥብ ነው። በ2ኛው መቶ ዓመት በሮም የተጻፈው የሄርማስ መጽሐፍ፣ «እረኛው» ወይም «ኖላዊ» የሚባለው፣ በአምስተኛው ምሳሌው ጾም እንዴት እንደሚጾም ያስተምራል። አስቀድሞ ከክፉ ነገር ሁሉ መራቅን ያስቀድማል። ከዚያም በጾሙ ቀን ከዳቦና ከውኃ በቀር ምንም እንዳይቀመስ ያዝዛል፤ በዚያ ቀን ሊበላ የነበረው ምግብ ዋጋ ተሰልቶም ለባልቴት፣ ለየቲም ወይም ለችግረኛ እንዲሰጥ ያዛል። አስተውሉ፤ ጾመኛው ዳቦና ውኃ ይቀምሳል፤ ስለዚህ ጾሙ ከፊል ነው። ስሌቱ ግን ሙሉ ነው። የተተወው ድርሻ ወደ ጾመኛው ኪስ አይመለስም፤ ባለቤት ተሰጥቶታል።

ይህ መጽሐፍ ለእኛ እንግዳ አይደለም። በግእዝ ተተርጉሞ በአገራችን ገዳማት ተጠብቆ ከቆዩት ጥንታውያን መጻሕፍት አንዱ ነው፤ የግእዙንም ቅጂ አንትዋን ዳባዲ እ.ኤ.አ. በ1860 በላይፕዚግ አሳትሞታል። የግሪኩ መጽሐፍ ምሉዕ ሆኖ ባልተገኘበት ሁኔታ የግእዙ ትርጉም ለዓለም ሊቃውንት ትልቅ ምስክር ሆኗል። የተጠበቀው ግን ለሊቃውንት ምርምር ብቻ አይመስለኝም።

፫. የኢትዮጵያ ሥርዓት፦ ሰዓት፣ ዓይነት፣ መጠን

የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ለምእመናን ሁሉ ሰባት አጽዋማት ደንግጋለች፦ ዐቢይ ጾም፣ ጾመ ነነዌ፣ ጾመ ሐዋርያት፣ ጾመ ፍልሰታ፣ ጾመ ነቢያት፣ ጾመ ገሃድ፣ እንዲሁም የረቡዕና የዓርብ ጾም። ለሁሉም ምእመን ግዴታ የሆኑት ቀናት በዓመት 180 ያህል እንደሆኑ፣ የካህናትና የመነኮሳት ሲጨመር 250 ያህል እንደሚደርሱ በሰፊው ይነገራል። ስለዚህ ከፊል ጾም በእኛ ዘንድ ለየት ያለ ወቅት ሳይሆን የዓመቱ እኩሌታ ነው።

በ13ኛው መቶ ዓመት በግብፅ በኢብን አል-አስሳል የተዘጋጀውና በኋላ ወደ ግእዝ የተመለሰው ፍትሐ ነገሥት፣ በአንቀጽ 15 ጾምን ሲተረጉም በታወቀ ጊዜ ከምግብ መከልከል መሆኑን ይገልጽና ዓላማው የሥጋ ፈቃድ ለነባቢት ነፍስ እንዲታዘዝ መሆኑን ያስረዳል። በዚህ ትርጉም ውስጥ «የታወቀ» የሚለው ቃል ሚዛን አለው። ጾም የስሜት ጉዳይ ሳይሆን የተወሰነ ልክ ያለው ነገር ነው።

ያ ልክ ሦስት መስፈሪያ አለው። አንዱ ሰዓት ነው፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት፣ በሕማማት ሳምንት ደግሞ ከዚያም አልፎ። ሁለተኛው ዓይነት ነው፤ ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤ፣ እንቁላል፣ በአንድ ቃል ጥሉላት የምንለው ሁሉ ይቀራል። ሦስተኛው መጠን ነው፤ ከገደፉ በኋላም ጥጋብ ድረስ አለመብላት። ሁለቱን መስፈሪያዎች ሰው ያያቸዋል፤ ሦስተኛውን የሚያውቀው ጾመኛው ራሱ ነው።

እነዚህ መስፈሪያዎች ተለያይተው መቆማቸው ምን ያህል ጥበብ እንዳለበት በዐቢይ ጾም ቅዳሜና እሑድ እናያለን። ዐቢይ ጾም ከዘወረደ ሰኞ እስከ ቀዳም ሥዑር 55 ቀን ነው። ሰንበት ግን የደስታ ቀን ስለሆነ አይጾምበትም፤ የሐዋርያት ቀኖናም ከቀዳም ሥዑር በቀር በቅዳሜና በእሑድ መጾምን ይከለክላል። እ.ኤ.አ. በ1450 በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን በደብረ ምጥማቅ የተደረገው ጉባኤ ሁለቱም ሰንበታት እንዲከበሩ ከወሰነ ወዲህ ይህ በእኛ ዘንድ ይበልጥ ጸንቷል። ታዲያ ሰንበትን ሳናፈርስ ዐቢይ ጾምን እንዴት ሳናቋርጥ እንጠብቃለን? መልሱ የሰዓቱን ጾም አንሥቶ የዓይነቱን ማቆየት ነው። ቅዳሜና እሑድ ጠዋት ከቅዳሴ በኋላ ይበላል፤ ጥሉላት ግን አይቀመስም። በዓሉም ይከበራል፤ ጾሙም ይቀጥላል። በ4ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ ኢየሩሳሌምን የጎበኘችው ኤጌሪያ የምትባል ተሳላሚም በዚያ ስምንት ሳምንት ሲጾም አይታ፣ የሰንበታቱ ቀናት ሲቀነሱ የሚቀረውን ቁጥር እያሰላች ጽፋለች። ሙሉ ጾም ብቻ የሚያውቅ ሥርዓት እንዲህ ሁለት እውነቶችን በአንድ ቀን ማስተናገድ አይችልም።

ወደ መጀመሪያው ጠያቂዬ ልመለስ። በ18ኛው መቶ ዓመት የሜቶዲስት እንቅስቃሴ መሪ የነበረው ጆን ዌስሊ፣ የማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 6ን ሲተረጉም የጾም ደረጃዎችን ዘርዝሮ፣ ከጣፋጭ ምግብ ብቻ መከልከልን የመጨረሻው ዝቅተኛ ደረጃ ላይ አስቀምጦታል፤ የዳንኤልንም ታሪክ በዚያ ስር ይጠቅሳል። በሚጎድለው ምግብ ከተለካ ዌስሊ ልክ ነው። ነገር ግን ጾም በሚጎድለው ምግብ ብቻ አይለካም። በሦስት ነገሮች ከፊል ጾም ሙሉ ጾም ሊያደርገው የማይችለውን ያደርጋል።

አንደኛ፣ ይቆያል። ሰው ሦስት ቀን ያለ እህል ሊከርም ይችላል፤ አንዳንዶች ከጸሎተ ሐሙስ ማታ ወይም ከስቅለት ጀምሮ እስከ ትንሣኤ ሌሊት ያከፍላሉ። አምሳ አምስት ቀን ግን ማንም ተራ ሰው እንዲህ ሊቆይ አይችልም። ልማድ የሚለወጠውም በጥቂት ቀን ሳይሆን በመደጋገም ነው። ሁለተኛ፣ ሁሉን ይይዛል። ገበሬው እያረሰ፣ ተማሪው እየተፈተነ፣ ነርሷ ሌሊቱን እየሠራች ሊጾሙት ይችላሉ። በፍልሰታ ሕፃናቱ ከትልልቆቹ ጋር ይጾማሉ፤ ቤቱ አንድ ድስት ያወጣል። ሦስተኛ፣ ምኞትን ፊት ለፊት ያቆየዋል። ሙሉ ጾም ላይ ያለ ሰው ከገበታ ርቋል። ከፊል ጾም ላይ ያለው ግን በየዕለቱ ይቀመጣል፤ በየዕለቱም ይመርጣል። ስለዚህ ዝቅተኛ ደረጃ ከማለት ይልቅ ሌላ መንገድ ማለት ይሻላል፤ አጭሩን አቀበት ለሚችሉት ትቶ፣ ረጅሙን ሜዳ ሁሉም የሚሄድበት መንገድ።

፬. የተሐድሶ ዘመን ተቃውሞ

ሁለተኛው ጠያቂዬም በታሪክ ውስጥ ጓደኞች አሉት። እ.ኤ.አ. በ1522 በዐቢይ ጾም በዙሪክ ከተማ በአታሚው ክሪስቶፍ ፍሮሻወር ቤት ቋሊማ ተበላ። ፍሮሻወር ሲከሰስ ሠራተኞቹ በኅትመት ሥራ ተጠምደው ብርቱ ምግብ እንደሚያስፈልጋቸው ተከራከረ። ኡልሪክ ዝዊንግሊ በስፍራው ነበረ፤ እርሱ ግን አልቀመሰም፤ ብዙም ሳይቆይ ስለ ምግብ ምርጫና ነጻነት ሰበከ፤ ስብከቱንም አሳተመ። የስዊዘርላንድ ተሐድሶ ከዚህ ጋር ተያይዞ ይነገራል።

ይህን ተቃውሞ ጾም ጠልነት ብሎ ማለፍ ትክክል አይሆንም። ጥያቄው፣ ሰው የደነገገውን እንደ እግዚአብሔር ትእዛዝ በሌላው ሕሊና ላይ መጫን ይቻላል ወይ የሚል ነበር። ዣን ካልቪን በዋና መጽሐፉ አራተኛ ክፍል ጾምን ጠቃሚ ብሎ ይቀበለዋል። የሚነቅፈው ከሥጋ ተከልክለው በሌላ ጣፋጭ ነገር ሁሉ የሚጠግቡትን ነው።

ይህ ነቀፌታ ከካልቪን አልጀመረም። ከእርሱ ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ ቀድሞ አውግስጢኖስ ስለ ማኒያውያን ምግባር በጻፈው መጽሐፍ ሁለት ሰዎችን ያነጻጽራል። አንዱ በቀን አንድ ጊዜ ጥቂት ጎመን በትንሽ የአሳማ ስብ የሚበላና ጥቂት ወይን የሚጎነጭ ነው። ሌላው ሥጋና ወይን አይነካም፤ ነገር ግን በበርበሬ የጣፈጠ ልዩ ልዩ አትክልትና እንጉዳይ፣ የፍሬ ጭማቂና ጣፋጭ ነገር በብዛት ይቀርብለታል። ከሁለቱ ጾመኛው ማን ነው ብሎ ይጠይቃል። በዐቢይ ጾም ስብከቶቹም ደስታን በሌላ ደስታ መለወጥን እየነቀፈ፣ የተቀነሰው ለድሃ እንዲሰጥ ይመክራል። ባስልዮስ ዘቂሣርያም ሥጋ አልበላም እያለ ወንድሙን በሐሜትና በክርክር የሚበላውን ወቅሷል። የጥንቱ ጳጳስና የተሐድሶው መምህር በብዙ ነገር ባይስማሙም፣ የተተካ ጾም ጾም እንዳልሆነ ተስማምተዋል።

፭. የዛሬው የጾም ገበታ

አሁን ወደ ራሳችን ልምጣ። ከፊል ጾም በእኛ ማኅበረሰብ ውስጥ አንድ የማይጻፍ ሥራ ይሠራ ነበር፤ የባለጸጋውን ገበታ ወደ ድሃው ገበታ ያወርደው ነበር። በፍስክ ወቅት የሁለቱ ቤት ማዕድ አይገናኝም። ሁዳዴ ሲገባ ግን በሁለቱም ቤት ሽሮ፣ ምስር፣ ተልባ፣ ጎመንና ቆሎ ይቀርባል። ጸሎተ ሐሙስ ሲደርስ በሁለቱም ቤት ጉልባን ይቀቀላል። ለድሃው ቤት የዓይነቱ ጾም ብዙ አዲስ ነገር ላይጨምርበት ይችላል፤ ለባለጸጋው ግን የጎረቤቱን ኑሮ ለሁለት ወር ያህል በአፉ እንዲያውቀው ያደርገዋል።

ይህ ሥራ በከተሞቻችን እየደከመ ነው። የጾም ኬክ፣ የጾም ማኪያቶ፣ በልዩ ልዩ ዘይትና ቅመም የተዘጋጀ የጾም ቡፌ አለ፤ አንዳንዱ ከፍስኩ ምሳ ይበልጥ ውድ ነው። በቅበላ ሰሞን ሥጋ ቤቱ ይጨናነቃል፤ በፋሲካ ማግስትም እንዲሁ። ሕጉ በፊደሉ አልተሻረም፤ ጥሉላት አልተቀመሰም። የአውግስጢኖስ ጥያቄ ግን በራችን ላይ ቆሟል። ምግብ አብሳዮችን ወይም ነጋዴዎችን መውቀስ አልፈልግም፤ እነርሱ የቀረበላቸውን ፍላጎት ያስተናግዳሉ። ጥያቄው ለሚበላው ነው።

ስሌቱን በቀላል ምሳሌ እንሥራው። በሳምንት አንድ ኪሎ ሥጋ የሚገዛ ቤተሰብ እንውሰድ። ዐቢይ ጾም ስምንት ሳምንት ነው፤ ስምንት ኪሎ ሥጋ አልተገዛም። የወተቱ፣ የእንቁላሉና የቅቤው ሂሳብ ይጨመርበት። ይህ ገንዘብ የት ነው ያለው? ለጾም ጣፋጭ ከዋለ ጾሙ በሌላ መልክ ተበልቷል። ለፋሲካ በግ ተጠራቅሞ ከሆነ ደግሞ ጾሙ ቁጠባ ሆኗል፤ ቁጠባ መልካም ነው፣ ጾም ግን አይደለም። ከደጃችን ላለው ደርሶ ከሆነ ሄርማስ ያዘዘው ተፈጽሟል፤ ነቢዩ ኢሳይያስ በምዕራፍ 58 እግዚአብሔር የመረጠው ጾም እንጀራን ለተራበ መቁረስ መሆኑን ያስተማረውም ተሰምቷል። ጾምና ምጽዋት በአባቶቻችን ትምህርት አብረው የሚጠሩት ለአነጋገር ውበት አይደለም፤ አንዱ የሌላው ሂሳብ መዝጊያ ስለሆነ ነው።

ይህን የምለው በብዙ ቤት ምግብ የሚጎድለው በጾም ምክንያት ባልሆነበት አገር ውስጥ ቆሜ ነው። በአንድ ግቢ ውስጥ አንዱ ተማሪ በፈቃዱ ቁርሱን ይተዋል፤ ሌላው የሚበላው ስለሌለው ይተዋል። የሁለቱ ሆድ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አንድ ዓይነት ባዶ ነው። ልዩነቱ የመጀመሪያው የሚተወው ነገር ያለው መሆኑ ነው። ያ የተተወ ቁርስ ወደ ሁለተኛው ካልደረሰ ሁለቱ ረሃቦች ጎን ለጎን ውለው ሳይተዋወቁ ይመሻል።

፮. ስለ ልክና ስለ ጥንቃቄ

አንድ ነገር ሳልጠቅስ ማለፍ አልፈልግም። ጾምን ያዘዙት ቀኖናዎች ራሳቸው ድካምን ያውቃሉ። ከሐዋርያት ቀኖናዎች 69ኛው ዐቢይ ጾምንና ረቡዕ ዓርብን በማይጾም ካህን ላይ ጽኑ ቅጣት ሲወስን፣ ከሥጋ ድካም የተነሣ ካልሆነ ብሎ ወሰን ያበጃል። ስለዚህ የታመመ፣ መድኃኒት በሰዓት የሚወስድ፣ ነፍሰ ጡር የሆነች ወይም የምታጠባ እናት የሥርዓቱን ርኅራኄ ቢቀበሉ ሥርዓቱን አላፈረሱም። ሥርዓቱ ከነርኅራኄው ነው የተሰጠው።

ከፊል ጾም ሦስት መስፈሪያ ያለው መሆኑም እዚህ ላይ ይጠቅማል። የስኳር ሕመምተኛ ሰዓቱን መጠበቅ ባይችል ዓይነቱን ሊጠብቅ ይችላል። ሐኪም ወተትና እንቁላል ያዘዘላት እናት ዓይነቱን ባትጠብቅ ከጣፋጭ ነገር፣ ከትርፍ ወጪ፣ ከክፉ ንግግር ልትጾም ትችላለች፤ የቅዱስ ያሬድም ዜማ ዓይንና አንደበት እንዲጾሙ የሚያስተምረው ለዚህ ነው። ውሳኔው በየግል ድፍረት ወይም በየግል ፍርሃት ሳይሆን ከንስሐ አባትና ከሐኪም ጋር ተመክሮ ሊሆን ይገባል። የሌላውን ሳህን መመርመር ግን የማንም ሥራ አይደለም። ሐዋርያው ጳውሎስ በሮሜ መልእክቱ ምዕራፍ 14 የሚበላ የማይበላውን እንዳይንቅ፣ የማይበላም በሚበላው ላይ እንዳይፈርድ ያዘዘው በሁለቱም ወገን ያለውን ትዕቢት ስላወቀ ነው።

፯. ማጠቃለያ

እንግዲህ ለሁለቱ ጠያቂዎቼ በአጭሩ ልመልስ። እየተበላ ጾም አለ ወይ ለሚለው፦ አለ። ዳንኤል በንጉሥ ቤት፣ ሄርማስ በሮም፣ ገበሬዎቻችን በእርሻቸው ላይ የያዙት ነው፤ የሚደነቀውም በጥልቀቱ ሳይሆን በርዝመቱና ሁሉን በማቀፉ ነው። እግዚአብሔር ተልባን ከወተት ይመርጣል ወይ ለሚለው፦ አይመርጥም። የሚተወው መልካም ነገር ነው፤ መልካም ስለሆነም ለሌላ ሰው ሊሰጥ የሚገባው ነው።

ወደፊት ተማሪዎቻችን ስለ ጾም ሲያጠኑ፣ የሚበላውንና የማይበላውን በመዘርዘር ብቻ እንዳይቆሙ አደራ እላለሁ። የየደብሩን የምጽዋት ሥርዓት፣ የሰንበቴንና የጽዋ ማኅበራትን መዝገብ፣ በጾም ወራት ከቤት ወደ ቤት የሚሄደውን የእንጀራ መሶብ ይመርምሩ። ያ ጥናት ገና ብዙ ሠራተኛ ይፈልጋል። የከፊል ጾም ታሪክ ግማሹ በገበታ ላይ ነው ያለው፤ ሌላው ግማሽ ያለው የተተወው ድርሻ በደረሰበት ቤት ነው።